ሽንኩርት ያላስለቀሳት ምራት

ቢቸና፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአካለ ወልድ ገብረ ክርስቶስ፣
አሰብ ወደብ።

የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው በጭነት መኪና ሾፌር እጅ የላክሁልህ በርበሬና ሽሮ ሳይበላሽ ደርሶህ ከሆነ ደስ ይለኛል። እኔ ደኅና ነኝ። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ኑጉም ዘንድሮ አላሳፈረንም። ላሚቱ ስለወለደች ዐቢይ ጾም እስኪገባ ወተት አለን። ሱቁም እንደ ወትሮው ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በኅዳር ጽዮን ሰሞን ነበር። መልሱ ስለዘገየ ሳትቀየመኝ አልቀረህም። የጻፍኸውን ግን አልረሳሁትም። «ለአባቴ ያላለቀሰች ሴት ለእኔም አታለቅስም፤ ሽማግሌ ልከሽ ሉማሜ ወደ አባቷ ቤት መልሻት» ብለኸኛል። እንደምታውቀኝ እኔ ጭነት ሳይፈታ ዋጋ አልቆርጥም። ፈንታነሽን አሰብ ቤት እስክታገኝ ብለህ እኔ ዘንድ ትተሃት ከሄድህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ሚስትህ ትሁን እንጂ አብራ የኖረችው ከእኔ ጋር ነው። ስለዚህ ነገሩን ፈትቼ እስካየው ድረስ ዝም አልሁ። አሁን አይቼዋለሁ። ማታ ማታ ውሎዬን መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ሳልቀላቅል ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባትህ ግንቦት ላይ ያረፈ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ቢቸና ጊዮርጊስ ነበር። አክስትህን ውበቴን ታውቃታለህ። አልቃሽ ናት፤ የማታውቀው ሰው ሞቶ እንኳ ጠርተው የሚወስዷት ሴት ወንድሟ ሲሞትባት እንዴት እንደምትሆን አንተው ገምት። ሴቱ ሁሉ በእሷ ግጥም እየተቃጠለ ሲያለቅስ ፈንታነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታለች። ድምፅ አላት፣ እንባ የላትም። ዓይኗ ፍም መስሏል፣ ጉንጯ ግን ደረቅ ነው። ለቀስተኛ ደግሞ የሚያየው ጉንጭ ነው። ከመቃብር ስንመለስ ውበቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምራትሽ ወንድሜ ያበላትን እንጀራ ካደች» አለችኝ። 

በዚያ ላይ የእጇ ነገር አለ። አንድ ቀን የቀኝ እጇ አንጓ ያብጥና የወፍጮውን መጅ መጨበጥ ያቅታታል። በነጋታው እብጠቱ ጠፍቶ ልብስ ስታጥብ ትታያለች። ጥቂት ሰንብቶ ጉልበቷ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ክርኗ ላይ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እንደ ደረቀ ጠፍር ይሆናሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይፈታሉ። እህል የሚፈጨው ግን ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ውበቴ «ሲነጋ ሽባ፣ ሲመሽ ሙሽራ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ስሙም መንደሩን ዞረው። ወጌሻ አሻት፣ ዳነች። ጠበል ተጠመቀች፣ ዳነች። ቅቤና ፌጦ ቀባኋት፣ ዳነች። ይህን ለውበቴ ብነግራት ሳቀችብኝ።

«በሁሉም መድኃኒት የሚድን በሽታ ውሸት ብቻ ነው» አለች።



የአባትህ ተዝካር በክረምቱ ምክንያት ወደ ኅዳር መጀመሪያ እንደተላለፈ ታውቃለህ። በዋዜማው ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ገና ሲላጥ አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ለዚያ ሁሉ ሰው ወጥ የሚሆን ክምር መካከላቸው ተደፍቷል። ሁሉም ዓይናቸውን በትከሻቸው እየጠረጉ ይስቃሉ። ጎረቤታችን ጥሩአየሁ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ «እንኳን እኛ፣ የዳሱ ምሰሶም አለቀሰ» አለች።

«ምሰሶውማ አለቀሰ» አለች ውበቴ። «የቀረችው ይቺ ናት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ፈንታነሽ ቀኝ እጇ አብጦ በግራዋ ትከትፋለች። ዓይኗ ቀልቷል። እንባ የሚባል ነገር የለም።

«አማቷ ቢሞት አላለቀሰች፣ ሽንኩርት ቢከተፍ አላለቀሰች» አለች ውበቴ ለሁሉም እንዲሰማ። «እንግዲህ ማን ይሙትላት?»

ሴቶቹ ሳቁ። ፈንታነሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እትዬ ውበቴ፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ነው የሚቆረቁረኝ።»

«አሸዋውን ማን ሞጀረብሽ? ጥጋብ ነው?»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኋት። የተላጠ ሽንኩርት ለሁለት ገምሳ ዓይኖቿ ላይ ተጭናለች። እጇን ይዤ ሳወርደው ሽፋሽፍቷ ሁሉ ተቃጥሎ ቀልቶ ነበር።

«እመይቴ፣ እንቢ አለኝ» አለችኝ። «ነገ ሕዝቡ ይመጣል። እንቢ አለኝ።»

ያን ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነገሩን እንደ ሸቀጥ አገላብጬ አየሁት። ሽንኩርት ዘመድ ከባዳ አይለይም። ክፉውንም ደጉንም፣ ያዘነውንም የተደሰተውንም እኩል ያስለቅሳል። ሐዘን የማይሰማው ልብ ሊኖር ይችላል፤ ሽንኩርት የማይሰማው ዓይን ግን እስከዚያ ቀን አላየሁም። ስለዚህ ጉድለቱ ከልቧ ሳይሆን ከዓይኗ ነው አልሁ። እንጀራ በጎረሰች ቁጥር ውኃ የምትጠጣውም ትዝ አለኝ፤ ሁላችንም ልማድ ነው ብለን ትተነው ነበር። ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ ግን አላወቅሁም። ውበቴ ስለ ሽንኩርቱም ሳትውል ሳታድር ጽፋልህ ኖሯል፤ ደብዳቤህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን የሞጣው ሙሐመድሁሴን፣ ከአባትህ ጀምሮ ጨርቅ የምንወስድበት ነጋዴ፣ ለገበያ መጥቶ ቤት ገባ። ፈንታነሽ ውኃ ስታቀርብለት ዓይኗን አየ።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ሞጣ የዓይን ሐኪም መጥቷል» አለኝ። «ማዝ የያዘውን ዓይን ሁሉ እያየ ነው። ይዘዋት ይምጡ። ኑግም ይጫኑ፤ ባዶ አህያ መንዳት ነውር ነው።»

ኑጉን ጫንሁ። ፈንታነሽን በበቅሎ አስቀምጬ ደብረ ወርቅ አድረን ሞጣ ገባን። ያረፍነው ሙሐመድሁሴን ቤት ነው። ሚስቱ ጦይባ ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻው የምታስቀምጠው ድስት አላት፤ ጾም ላይ ስለነበርን በዚያ ሽሮ ሠራችልን። ፈንታነሽ አንድ ጉርሻ በአንድ ጉንጭ ውኃ ስትበላ አይታ፣ «ልጄ፣ ሽሮው ጉሮሮሽን ዘጋው እንዴ?» አለቻት። «ሽሮው መልካም ነው፣ ምራቄ ነው የለም» አለች ፈንታነሽ። እንዲህ ብላ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ይሠራል። የሚያስተረጉምለት ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ የደጀን አገር ልጅ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ያደገበት፣ ወረንጦ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ተራችን ደርሶ ሐኪሙ የፈንታነሽን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ማዝ አይደለም ይላል» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «እንባ አላት ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው እሱኑ ነው» አልሁት።

ሐኪሙ ከብልቃጥ ውስጥ ቀጭን ነጭ ወረቀት አወጣ፤ ቀለም የሚመጥ ዓይነት ነው። ጫፏን አጥፎ በታችኛው ቆብ ውስጥ አንጠለጠላትና ሰዓቱን ያይ ጀመር። በሌላውም ዓይን እንዲሁ አደረገ። ፈንታነሽ የወረቀት ጢም እንዳበቀለ ሰው ቁጭ ብላለች፤ ሰልፈኛው ይስቃል። ሐኪሙ ሲያወጣው ወረቀቱ ሲገባ እንደነበረው ደረቅ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ የመዘነ ሚዛን አላምንም። «ለእኔም አድርግልኝ» አልሁ።

«እናቴ፣ እርስዎ ሕመምተኛ አይደሉም።»

«ስላልሆንሁ ነው።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ሳቀና አደረገልኝ። ይቆረቁራል፤ ወዲያው ግን ወረቀቱ ረሰረሰ፤ ጉንጬም ላይ ወረደ። እንግዲህ ወረቀቱ ደኅና ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ዓይኗን ተወው። አፏን አስከፈታት። ከዚያ እጇን ያዘና የጣቶቿን መገጣጠሚያ አንድ ባንድ ጫን ጫን አደረገ፤ ፊቷን ስታጨማድድ አየ። ጠዋት ጣቶቿ ይተሳሰሩ እንደሆነ፣ እብጠቱ ከቦታ ቦታ ይዞር እንደሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቃት። ሰውየው ቤታችን የኖረ ይመስል ነበር። እጅጌዋን ሰብስቦ ክርኗን ሲዳስስ ከቆዳዋ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠንካራ እብጠት አገኘ። እሷ በክርኗ ከመደገፍ የመጣ መስሏት ለማንም አልተናገረችም።

«ምን ይላል?» አልሁት ኃይለ ጊዮርጊስን።

«ለዓይን የመጣች የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ናት ይላል። ስሙ ሩማቶይድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱንም እጅ ጣቶች አሳብጦ ይይዝና ስለማይለቅ ሰው ያውቀዋል። የእሷ ግን እየዞረ መጣ፣ እየጠፋም አታለለ። ይባስ ብሎ ዓይንና ምራቅ አደረቀ። እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ሐኪምም ይሳሳታል።»

«ከየት ነው የሚመጣው? ከብርድ ነው?»

ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩና እንዲህ አስረዳኝ፦ «ደም ውስጥ ጠባቂ አለ፤ በሽታ ሲመጣ የሚዋጋ። የእሷ ጠባቂ የቤቱን ሰው ከሌባ መለየት አቃተው። መገጣጠሚያውን ይመታል፤ እንባና ምራቅ የሚወጣበትንም ይመታል።»

«የሰከረ ዘበኛ በለኛ።»

«እሱን ነው።»

«ታዲያ ይባረራል?»

«አይባረርም፤ ይገሠጻል። ጨርሶ አይድንም እናቴ። ግን ይታገዳል።»

እኔ የማይድን ስለተባለ አልደነገጥሁም። ስሙ ያልታወቀ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ፈንታነሽ ግን ወረቀቷን በእጇ ይዛ ቁጭ አለች።

«ይህ ወረቀት፣ እንባ የለኝም ነው የሚለው?» አለችው ኃይለ ጊዮርጊስን።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ እንደሌለኝ አይናገርም? ከግንቦት በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ነገሩ አልገባውም፤ ሆኖም ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ የቆየውን ጉዳት አይቶ፣ ከዓመት በላይ ይሆነዋል አለ። ፈንታነሽ ወረቀቷን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት።  መንገዱን ሁሉ ፊቷ የታመመች ሴት ፊት አልነበረም።

ሐኪሙ ደሟን ቀድቶ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ። ከገና በኋላ ሙሐመድሁሴን መልሱንና መድኃኒቱን ይዞልን መጣ፤ የጠረጠረው ምልክት ደሟ ውስጥ ተገኝቷል። መድኃኒቱም ከምግብ በኋላ የምትውጠው አስፕሪን፣ ለዓይኗ ጠብታ፣ ደግሞም የወባ ኪኒን ነው። እኔ ተሳስተው መስሎኝ ነበር፤ ቢቸና ደጋ ነው፣ ወባ ከየት መጣ? ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ዘበኛውን የሚያረጋጋው እሱ መሆኑን፣ እስኪሠራም ወራት እንደሚፈጅ፣ ዓይኗንም በየጊዜው መታየት እንዳለባት ጽፎልኛል። ልጅ መውለድ እንደማይከለክላትም አስጠይቄ መልሱን አግኝቻለሁ። ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከሞጣ ስመለስ ሐኪሙን ጥቂት ወረቀት ለምኜ ነበር። በአስተርዮ ማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ውበቴን ቤት አስገባኋት። ነገሩን ነገርኋት።

«ደግሞ ወረቀት እንባ ያውቃል?» አለች።

«እስቲ ቁጭ በይ።»

እንደ ሐኪሙ አጥፌ አንጠለጠልሁላት። «አቤት፣ ልታሳውሪኝ ነው» እያለች ገና ሳትጨርስ ወረቀቱ እስከ ጫፉ ረሰረሰ።

«የእኔማ ይረጥባል» አለች። «የወንድሜ ሐዘን ነው።»

«ሐዘንሽን እዚያው አቆዪውና አሁን ይቺን እዪ።»

ፈንታነሽ መጥታ ተቀመጠች። ወረቀቱን ራሷ አደረገችው። ውበቴ ጠበቀች፤ ጠጋ ብላ አየች፤ ነካችው። ወሬም አቆመች፣ ይህም በእሷ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የፈንታነሽን እጅ ያዘችና ጣቶቿን እያገላበጠች አየቻቸው።

«በዚህ እጅ ነው ስትፈጪ የከረምሽው?»

«አልፎ አልፎ ነው እትዬ፣ ሁልጊዜ አያመኝም።»

«ዝም በይ።» እጇን ሳትለቅ፣ «የወንድሜ ሙት ዓመት ግንቦት ነው። አጠገቤ ትቆሚያለሽ። እኔ እንደሆነ ሁልጊዜ ይተርፈኛል፤ የአንቺንም ድርሻ እኔ አለቅስልሻለሁ» አለቻት።

ፈንታነሽ ሳቀች፤ ውበቴም ሳቀች። አልቃሽ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ አታውቅም። ሌላውን መንደሩን ለማሳመን እኔ አልደከምሁም፤ ውበቴ በሦስት ቀን ጨረሰችው። አሁን ወረቀቱን እንዳሳያቸው ሴቶች ሱቅ ይመጣሉ፤ ሳይገዙ አይወጡም።

ኑሯችንን አደላድለናል። ቢቸና የሞተር ወፍጮ ገብቷልና እህሉን እዚያ አስፈጫለሁ፤ የእጅ ወፍጮውን መጅ በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርጌዋለሁ። ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ታቆየዋለች። ሱቁን እኔ እከፍታለሁ፣ ረፈድ ሲል እሷ ትረከበኛለች፤ ማታ የምትዘጋው እሷ ናት። የሚብስባት ቀን አለ፤ ያን ቀን ትተኛለች፤ ለምን ተኛሽ የሚላት የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ለአባትህ ቀብርም ለተዝካሩም ሳትመጣ ስትቀር ከሥራ ፈቃድ እንዳጣህ ጽፈህልኛል። ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ ያንኑ ነገርሁት፤ ሁሉም አመነ። የአንተን እንባ ያየ አንድ ሰው የለም፤ አላለቀሰም ያለህም የለም። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ለሩቅ ሰው የምንሰጠው እምነት ለቅርብ ሰውም ቢሰጥ ኪሳራ የለውም ብዬ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠየቅኸኝ ጉዳይ ልመለስ። ሽማግሌ አልልክም። ጋብቻው የአንተና የእሷ ነው፤ መፍታት ከፈለግህ ራስህ መጥተህ፣ ፊቷ ተቀምጠህ ተናገር። ቢፈታም ፈንታነሽ ከዚህ ቤት አትወጣም፤ ለሱቁ ታስፈልገኛለች። ደንበኛ ትይዛለች፣ ሚዛን አታዛባም፣ ዱቤ የማይመልስ ሰው በፊቱ ታውቃለች። ከገበያ አምሽቼ ስመለስም ራቷን ሳትበላ የምትጠብቀኝ እሷ ናት። ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለሱቁ ሲባል ነው።

አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ታባዝታለች፤ ዛሬ ጣቶቿ ደኅና ናቸው። «ከአንቺ በኩል ምን ልበለው?» አልኋት።

«ታማለች ብሎ አዝኖልኝ እንዳይመጣ ይጻፉለት።»

«አትምጣ ልበለው?»

«አይ» አለች። «ናፍቄው ከሆነ ይምጣ።»

እንዳለችው ጻፍሁት፤ ምንም አልጨመርሁበትም። መንገዱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለመኪና አያስቸግርም።

የአባትህ አምላክ በየብስም በባሕርም አይለይህ። የሰው ፊት አያሳይህ፤ እህልህን ይባርክልህ፤ የቢቸናው ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደምልህ።

እናትህ
ይርጋነሽ